መጨረሻው ፍኖተ ሰላም

«ያጋባቸው ማሽን ነው» ይላሉ ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ እስከ ዛሬ። ውሸት ነው። ማሽን ልብ አይሰጥም፣ አይነሳምም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሁለት ሰዎች በሆዳቸው ይዘውት የከረሙትን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ነው። ሰው ከሚናገረው ደግሞ ማሽን ቢናገረው ይሻላል፤ ማሽን ቢያንስ አይጨምርበትም።

ሠርክአዲስ በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከባሕር ዳር በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ መጣችና ፍኖተ ሰላም ያለው የገበሬዎች ዩኒየን ቢሮ ገባች። እናቷ ስትሞት ያሳደጓት አጎቷ ጋሽ እጅጉ ናቸው። ጋሽ እጅጉ የዩኒየኑ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። ከቡሬ ዋና መጋዘን ማዳበሪያ የሚጭኑትን መኪኖች አንተ ሽንዲ፣ አንተ ሊበን፣ አንተ እዚህ እያሉ የሚያሰማሩት እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነበር፤ በጠመኔ ይጽፋሉ፣ በመዳፋቸው ያጠፋሉ። የሰሌዳው ነገር ሲነሳባቸው አይወዱም።

ልጅቷ ግን አነሳችው። መኪኖቹን የሚያሰማራ ፕሮግራም ሠራሁ አለች። ሥራ አስኪያጁም «እስቲ ይሞከር» አሉ። ጋሽ እጅጉ ደስም አላላቸው፣ አልከለከሉምም። «ልጄ ናት፤ ትሞክር» ብለው ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሙከራው በተጀመረ ሰሞን፣ በግንቦት ስድስት ረፋድ፣ አንድ ሹፌር የቢሮዋን በር ገፍቶ ገባ። ፀጉሩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ዓይኑ እንቅልፍ እንዳላገኘ ያስታውቃል። ባምላኩ ይባላል፤ የቡሬ ልጅ ነው፣ የዩኒየኑን አይሱዙ ይነዳል። እስከዚያች ቀን ድረስ ተገናኝተው አያውቁም።

«ማሽኗን የምትነጂያት አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ተቀምጬ ነው ያደርኩት።»

«ምን አጋጠመዎት?»

«ትናንት ከሊበን ማዶ ያለች ቀበሌ ማዳበሪያ ይዘህ ሂድ አለችኝ ማሽንሽ። ሄድኩ። አንድ አውራጅ የለም። የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታቦታቸው አቦ ነው፤ ትናንት ደግሞ አምስት ነው። በአቦ ቀን ኩንታል የሚሸከም ሰው እዚያ አገር አልተወለደም።»

ሠርክአዲስ ዞራ ስክሪኑን አየች። ከጎኗ ሰነድ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ጓደኛዋ ራጂያ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን አፈነች።

«ለመሆኑ ማሽንሽ ክርስትና አልተነሳም?» አለ ባምላኩ።

«ገና ነው። ግን ይማራል።»

«ማን ነው የሚያስተምረው? የኔታ አለው?»

«የሚያስተምረው ስህተቱ ነው። የእርስዎ ትናንት ሜዳ ላይ ማደር ለሱ ትምህርት ነው።»

«ለሱ ትምህርት፣ ለኔ ቁርጥማት» አለና፣ አልቀመጥም ያለው ሰውዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ያን ቀን ምን እንደተሳሳተች ስታስበው ራሷን ልትመታ ነበር። ፕሮግራሙን ከፈረንጅ የተማረችውን እንዳለ ይዛ ነው የሠራችው፤ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የምታበላው። በፈረንጅ ቀን አቦ አንዴ አሥራ ሦስት ላይ ይውላል፣ አንዴ አሥራ ሁለት ላይ፣ አንዴ አሥራ አራት ላይ። ማሽኑ ምን ያድርግ? በአምስት አቦ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም ብሎ ቀን የሚቆጥርን አገር በሌላ አገር ካሌንደር ተማር ብላው ነው እኮ። ያለፉትን ዓመታት የማስረከቢያ ሰነዶች ቀናቸውን ወደ እኛው አቆጣጠር መልሳ እንደገና አስተማረችው። ማሽኑም ማንም ሳይነግረው የየቀበሌውን ታቦት ለየ። የትኛዋ ቀበሌ በስንት ቀን እንደማታወርድ አወቀ፤ በዚያ ቀን መኪና መላኩን ተወ።

ባምላኩ ይህን ሲሰማ «እንኳን ክርስትና ለመነሳት አበቃው» አለ።

«የኛስ ጁምዓ?» አለች ራጂያ። አባቷ ቡሬ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው።

«እሱንም አውቋል። ዓርብ ቀትር ላይ ቡሬ ላሉ ጫኞች መኪና አይልክም።»

«ማሻአላህ። እንግዲያው ይህ ማሽን ከቤተሰቤ ጋር ይስማማል።»

ከዚያ ወዲያ ባምላኩ መንገዱ በፍኖተ ሰላም ባለፈ ቁጥር ቢሮ መግባት ለመደ። ምክንያት አያጣም። የሽንዲ መንገድ ጭቃ ይዟል ብሎ ይመጣል። ድልድይ ላይ ሰው ተሰብስቧል ብሎ ይመጣል። አንድ ቀን ምንም ምክንያት አጥቶ «ማሽንሽ እንዴት አደረ?» ሊላት መጣ። ራጂያ ይህን ስትሰማ ውኃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ውኃው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

«እውነቴን ነው» አለ ባምላኩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እንዴት ነው የሚያስበው?»

ሠርክአዲስ ወረቀት ስባ ነጥብ ነጥብ አደረገችለት። «እነዚህ ቀበሌዎች ናቸው። የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን አስከትሎ ቢዞር ይሻላል? ያለው አማራጭ ከመብዛቱ የተነሳ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ልሞክር ቢል ዕድሜውን ጨርሶ አይዘልቀውም። ስለዚህ መላ ይፈልጋል።»

«መላ?»

«መላ። ጋሼ ሲያሰማሩ የሚጠቀሙበት ነው። ቅርቡን አስቀድም ይላሉ፤ አንድ መላ ነው። ጭቃ የሚይዘውን ሳይዘንብ አድርስ ይላሉ፤ እሱም መላ ነው። ጭነቱ የከበደውን መጀመሪያ አራግፍ ይላሉ። ችግሩ መላዎቹ ይጣላሉ። ቅርቡ ቀበሌ ጭቃ የሌለው ሲሆን፣ ሩቁ ጭቃ ሲሆን፣ የቱን ይሰማሉ? ለየትኛው መላ ምን ያህል ጆሮ እንደሚሰጥ እኔ አልነገርኩትም። በየቀኑ የሆነውን እያየ፣ የተሳካለትን መላ ክብደት እየጨመረ፣ ያልተሳካለትን እየቀነሰ፣ ራሱን በራሱ ያስተካክላል።»

ባምላኩ ወረቀቱን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። እሷም አወቀችው። ነጥብ ልትጨምር እስክሪብቶዋን አነሳችና ሳትጨምር አስቀመጠችው።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ እንደ እንግዳ እሷ «እርስዎ»፣ እሱ «እህቴ» ነበር የሚባባሉት። በሰኔ መግቢያ አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ፍኖተ ሰላም የሚያራግፉት መኪኖች ሁሉ ገብተው የባምላኩ ሳይገባ ቆየ። ሠርክአዲስ መስኮቱ ሥር ቆማ ግቢውን ታያለች። ደግሞ ትቀመጣለች። ደግሞ ትነሳለች። መጨረሻ ላይ ባምላኩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ሲቆም ከአፏ አመለጣት።

«ምነው ዘገየህ?»

ባምላኩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዞረው።

«ዘገየህ አልሽኝ?»

«ዘገዩ ማለቴ ነው።»

«አትመልሺው። አንዴ የወረደ ጭነት አይመለስም።»

አልመለሰችውም። በነጋታው ሥራ ሲወጡ እስከ ላህ ወንዝ በእግር ሄዱ። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም፤ ሲመለሱ ግን በከተማው መካከል ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ባጃጅ ነጂ እንኳ አይገኝም።

ባምላኩ በወጉ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ እጅጉ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አስገብተው፣ ጠላ አስቀድተው፣ መጨረሻ ላይ «ልጅቷ ገና ትምህርት ይቀራታል» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ይህ እምቢታ መሆኑን ለማወቅ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። መርቀው ሄዱ።

«ጋሼ፣ የቀረኝ ትምህርት የቱ ነው?» አለቻቸው ማታ እራት ሲበሉ።

«ሹፌር ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

«የሹፌር ሚስቱ መንገዱ ናት። በየከተማው አንድ ቤት አለው። እናትሽ አደራ ብላኝ ነው የሞተችው፤ ተምረሽ ለተማረ እንድትሆኚ ነው የለፋሁት።»

«በየከተማው ቤት ካለው፣ ሰው ቤቱን ያሳየኝ። የሌለበትን ነው የሚያሙት።»

ጋሽ እጅጉ እጃቸውን ታጥበው ተነሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ግን በዚያ ሰሞን ሁለት ነገር ከእጃቸው እየወጣ ነበር፤ አንዱ ሰሌዳው፣ ሁለተኛው ልጃቸው። ሁለቱም የሄዱት ደግሞ በአንድ በር ነው። ሰው እንዲህ ሲሆንበት ፍርዱ ይጣመማል።

ጉዱ የፈላው ከዚህ በኋላ ነው። ሹፌሮች ማጉረምረም ጀመሩ። «ባምላኩ ምን አለበት፣ ማሽኑ አማቹ ነው» ይላሉ። ጋሽ እጅጉ የስምሪቱን ወረቀት አመጡና አዩት። እውነት ነው። ባምላኩ ቢሻው ሽንዲ ይሂድ፣ ቢሻው ሊበን ይሂድ፣ የጉዞው መጨረሻ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፍኖተ ሰላም ነበር። ሌሎቹ ቡሬ ተመልሰው ያድራሉ፤ እሱ እዚህ ያድራል።

ሠርክአዲስ ወሬውን ስትሰማ ደነገጠች። እሷ ምንም አላደረገችም። ፕሮግራሙን ከፍታ ክብደቶቹን አንድ በአንድ አየች። እዚያው ቁጭ ብሏል። ማሽኑ «ሰባት ቁጥር ሹፌር፣ መጨረሻው ፍኖተ ሰላም ሲሆን» ለሚለው ነገር ከጭቃውም፣ ከርቀቱም፣ ከታቦቱም የበለጠ ክብደት ሰጥቶታል። ሰባት ቁጥር ባምላኩ ነው።

ስልክ ደወለችለት።

«አንተ፣ መኪናህ ክንፍ አላት?»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መጨረሻህ ፍኖተ ሰላም ሲሆን ጭነቱ ሁሉ ቀድሞ ይወርዳል። መጨረሻህ ቡሬ ሲሆን እንደማንም ነህ። ማሽኑ ይህን ይዞ ነው እዚህ የሚልክህ።»

ባምላኩ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ተሰማት። «ፍኖተ ሰላም ከሆነ ምሳ አልበላም። ከአውራጆቹ ጋር አብሬ አወርዳለሁ።»

«ቡሬ ከሆነስ?»

«ቡሬ ከሆነማ ሰው ነኝ። እበላለሁ፣ ጥላ ሥር ጋደም እላለሁ፣ ከሰው አወራለሁ።»

ሠርክአዲስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች። ሰው እወድሻለሁ ሲል ሰምታለች፤ እንዲህ በሥራ ተመዝኖ ሲመጣላት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዋ ግን ዕድሜ አላገኘም። በዚያው ሳምንት ግምገማ ተጠራ።

የዚያን ዘመን ግምገማ ያላየ ሰው ካለ ልንገረው። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። አንዱ ሂስ ይሰነዝራል፤ የተነካው ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ «አጥፍቻለሁ፣ ለወደፊቱ እታረማለሁ» ይላል። ያላለ ሰው አበቃለት።

በዋዜማው ጋሽ እጅጉ ሠርክአዲስን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ድምፃቸው የለሰለሰ ነበር።

«ነገ ነገሩን እኔው አነሳዋለሁ። እኔ ካላነሳሁት ሌላው አክፍቶ ያነሳዋል። አንቺ አንድ ነገር ብቻ በይ፤ ማሽኑ ተሳስቷል፣ በእኔና በሹፌሩ መካከል ምንም የለም በይ። እሱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወራል። ማሽንሽም ይተርፋል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ።»

«ምንም የለም ልበል?»

«አንዲት ቃል ናት፣ ልጄ። ታልፋለች።»

ከቤት ወጥታ ባምላኩን አገኘችው፤ መኪናውን የዩኒየኑ ግቢ አቁሞ ጎማ ይፈትሽ ነበር። የተባለችውን ነገረችው። ባምላኩ ጎማውን ለቆ ቀና አለ። ከዚያ ያልጠበቀችውን ተናገረ።

«ካጂኝ።»

«ምን አልክ?»

«ካጂኝ። እኔ ምን እሆናለሁ? መንገድ የትም አለ። ያን ማሽን ግን አንቺ ነሽ የወለድሽው። ጴጥሮስም ክዶ ነበር፤ በኋላ ይቅር ተባለ።»

ሠርክአዲስ በሕይወቷ እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም።

«ጴጥሮስ ካደ እንጂ ጌታው ካደኝ አላለውም» አለችው። «አጎቴ ካጂው ቢሉ አይገርመኝም። አንተ ነህ ካጂኝ የምትለኝ? ምሳህን ትተህ የመጣህልኝ ሰውዬ፣ እኔ አንዲት ቃል መናገር የማልችል መሰለህ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ነገ አዳራሽ ና። ከኋላ እንዳትቀመጥ።»

ትታው ሄደች። ባምላኩ ከጎማው አጠገብ ቆሞ ቀረ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሰብሳቢው የዩኒየኑ የቦርድ ሊቀ መንበር አቶ ዓለምብርሃን ናቸው፤ የሽንዲ ገበሬ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ የቆጠሩ፣ ንግግር ቆጥበው የሚናገሩ ሽማግሌ። ጋሽ እጅጉ ተነሱ።

«ማሽኑ ያዳላል» አሉ። «አንድ ሹፌር በሚስማማው ቦታ እንዲያድር ያደርጋል። ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት በር ይከፍታል።»

ቃሉ የሳቸው አይደለም፤ የስብሰባ ቃል ነው። ያን ጊዜ ያለሱ ስብሰባ አይከፈትም ነበር። ሲናገሩትም ወደ ሠርክአዲስ አላዩም።

«መልስ አለሽ?» አሉ አቶ ዓለምብርሃን።

ሠርክአዲስ ተነሳች። «ግለ ሂስ ላድርግ።»

ጋሽ እጅጉ እፎይ አሉ። ትክደዋለች ብለው ነው።

«መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ልናገር። ለማሽኑ የሹፌር ስም አልሰጠሁትም፤ ቁጥር ነው የሰጠሁት። ሰባት ቁጥር ቆንጆ ይሁን ፉንጋ፣ የማን ዘመድ ይሁን፣ አያውቅም። የሚያውቀው ጭነቱ መቼ እንደወረደ ነው። ገበሬው መላውን በክረምት ክረምት ነው የሚያስተካክለው፤ ዘንድሮ ቀድሜ ዘርቼ ጠፋብኝ፣ ለከርሞ እዘገያለሁ ይላል። ማሽኑ በየቀኑ ያስተካክላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ካላመናችሁኝ አሥራ አንድ ቁጥርን ልጠይቅላችሁ። ዘሩ፣ ከግንቦት ወዲህ መጨረሻህ የት ነው?»

ዘሩ የተባለው ሹፌር ግራ ገብቶት ተነሳ። «ቡሬ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማሽኑ ነው።»

«ቡሬ ቤትህ ማን አለ?»

ዘሩ አንገቱን ደፋ፤ ፊቱ ግን ፈካ። «አራስ» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ዓለምብርሃን እንኳ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ዘሩ ልጁን ለማየት እንደሚቸኩል ለማሽኑ የነገረው የለም። ቁጥሩን አይቶ ነው ያወቀው። የሰባት ቁጥርም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰባት ቁጥር መጨረሻው ፍኖተ ሰላም ሲሆን ለምን እንደሚፈጥን ግን ማሽኑ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ከፊት ወንበር ላይ ባምላኩ ተቀምጧል፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ወደ እኔ ስለሚመጣ ነው። እኔም መስኮት ሥር የምቀመጠው እሱን ስለምጠብቅ ነው። እወደዋለሁ። ጥፋቴ ይህ አይደለም። ጥፋቴ ማሽኑ አደባባይ እስኪያወጣው ድረስ መደበቄ ነው። ግለ ሂሴ ይኸው ነው። ለወደፊቱ እታረማለሁ፤ ሁለተኛ አልደብቅም።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረ ሰው ስለዚያ ዝምታ ዛሬም ያወራል። እዚህ አገር ወንዱ እንኳ ፍቅሩን በቅኔ ጠቅልሎ ነው የሚያቀርበው፤ ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ፣ ያውም በግምገማ ላይ፣ እወደዋለሁ ስትል የሰማ አልነበረም። ራጂያ ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ ይጻፍ አይጻፍ ጨነቀው።

«ልጄ» አሉ አቶ ዓለምብርሃን በመጨረሻ፣ «ወርቁን ያለ ሰም አመጣሽው።»

«ሰሙ ሲያስቸግረኝ ጊዜ ነው፣ አባባ።»

«አንተስ፣ ሰባት ቁጥር?»

ባምላኩ ተነሳ። «እኔም ግለ ሂስ አለኝ። ትናንት ካጂኝ ብያታለሁ። አጥፍቻለሁ።»

ሌላ አልጨመረም። አቶ ዓለምብርሃን ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደ ጎን ገፉ።

«እኔ ገበሬ ነኝ» አሉ። «ማዳበሪያው ዝናብ ሳይቀድመው ሽንዲ ከደረሰልኝ፣ ሹፌሩ ወደ ማን እንደሚቸኩል ምን አገባኝ? ዘንድሮ ደርሶልኛል። ማሽኑ ይቀጥል፣ ልጁም ይንዳ።» ከዚያ ወደ ጋሽ እጅጉ ዞሩ። «እጅጉ፣ ሽማግሌ መላሽ ነህ ይሉሃል። እኔ የመጣሁ ዕለት እንዴት እንደምትመልሰኝ አያለሁ።»

ጋሽ እጅጉ ብድግ ብለው ወጡ።

ሠርክአዲስ ተከትላቸው ቤት ገባች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

«አዋረድሽኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ይህን አልክድም። እሱንም አልክድም። ዛሬ እሱን ብክድ፣ ነገ እርስዎን መካድ አያቅተኝም ነበር።»

«እንግዲህ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የምትዪው?»

«አላፈርኩም።»

አቶ ዓለምብርሃን እንደዛቱት መጡ፤ መላሽም አልነበረም። በጥር ተጋቡ። ጋሽ እጅጉ ሠርጉ ላይ ተገኙ፣ ወጉን ሁሉ አደረሱ፣ ምርቃቱ ላይ ሲደርሱ ግን አሳጠሩት። «ይባርካችሁ» ብለው ተቀመጡ። ሠርክአዲስ አላለቀሰችም። ለቃሏ የከፈለችውን ታውቃለች፤ ዋጋውን ተቀብላ ነው የገባችበት።

ከሠርጉ በኋላ ዩኒየኑ ሠርክአዲስን ወደ ቡሬ ዋና መጋዘን አዛወራት፤ ቤታቸውንም እዚያው ሠሩ። ፍኖተ ሰላም ላይ ማሽኑን የማየት ሥራ ለማን ተሰጠ ብትሉ ለጋሽ እጅጉ ነው። ሰሌዳቸው ተነሳ፤ ቦታው ላይ ኮምፒውተሩ ተቀመጠ። መጀመሪያ አኩርፈው በአንድ ጣት ነበር የሚነኩት።

የማዳበሪያ ወቅት ሲመጣ ማሽኑ የአምናውን ይዞ ሰባት ቁጥርን ፍኖተ ሰላም አምጥቶ ማሳደር ጀመረ። ሰባት ቁጥር ግን የአምናው ሰው አይደለም። ሚስቱ ቡሬ ናት። ምሳውን ይበላል፣ እያዘገመ ይመጣል፣ እያዘገመ ያወርዳል። ማሽኑ ብዙም አልቆየ፤ ክብደቱን ከዚያ አነሳና ወደ ቡሬ አዞረው። ባምላኩ እንደገና መብረር ጀመረ።

አንድ ቀን ረፋድ የሠርክአዲስ ስልክ ጮኸ። ጋሽ እጅጉ ናቸው። ከሠርጉ ወዲህ ስለ ሥራ ካልሆነ ደውለው አያውቁም።

«ያ ማሽንሽ» አሉ፣ «ባልሽን ወደዚህ መላክ ተወ።»

«መኪና አነሰዎት እንዴ፣ ጋሼ?»

«መኪናስ አላነሰም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው ሲያዞሩ ተሰማት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳ» አሉ ቆይተው፣ «መጨረሻው ፍኖተ ሰላም ይሁን ብለሽ ንገሪው። አንቺንም ጋቢና ይዞሽ ይመጣል። ቤቱ ጭር ብሏል።»

ሠርክአዲስ ዓይኗ ሞላ፤ ድምፅዋን ግን አጸናች። «በቃል ቢነግሩት አይሰማም፣ ጋሼ። እኔም ነግሬው አላውቅም። የሚያየው ሥራ ነው።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ለማደር ባይመጣም ለማራገፍ ተራው ሲደርሰው እዚያ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መጋዘን በር ላይ ጥለውት አይሂዱ። ቤት ያስገቡት። ልጄ ይበሉት። ወደ እርስዎ መቸኮል ከጀመረ ማሽኑ ራሱ ይደርስበታል።»

ጋሽ እጅጉ እሺም እምቢም ሳይሉ ስልኩን ዘጉት።

በሰኔ ውስጥ ባምላኩ ተራው ሲደርሰው ከፍኖተ ሰላም ጠግቦ ይመለስ ጀመር። አንድ ጊዜ ማር ተሸክሞ መጣ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የጋሽ እጅጉን ካፖርት ለብሶ። «ዝናብ መታህ ብለው አለበሱኝ» አላት። ሠርክአዲስ ካፖርቱን ሰቅላ እጀታውን ስትዳብስ ቆየች።

ከዚያ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የነገው ስምሪት ሲወጣ ራጂያ ከወዲያ ማዶ ደወለች። እሷ አሁንም ፍኖተ ሰላም ነች፤ ከጋሽ እጅጉ ጎን ትሠራለች።

«ሠርኬ፣ ማሽኑን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁትም። ምነው?»

«ሰባት ቁጥር፣ ቅዳሜ፣ ሽንዲ አራግፎ መጨረሻው ፍኖተ ሰላም ይላል። አጎትሽ ወረቀቱን ይዘው ቆመዋል። እኔ ምንም አላደረግኩም፣ እኔ ምንም አላደረግኩም ይሉኛል።»

ሠርክአዲስ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

«ነገ እራት እንመጣለን በያቸው» አለች።